ትራክ ራውቲንግ፦ የጭነት መኪና መንገድ መረጣ

ትራክ ራውቲንግ፣ በአማርኛ የጭነት መኪና መንገድ መረጣ፣ የስልክ ካርታ ወይም የጂፒኤስ መሣሪያ የተሽከርካሪውን ክብደት፣ ቁመት፣ ስፋትና ርዝመት አስቀድሞ ተቀብሎ ለዚያ ልክ የሚሆነውን መንገድ የሚያወጣበት አሠራር ነው። ተራው የስልክ ካርታ ግን የሚያሰላው ለቤት መኪና ነው። ጉግል ማፕስ መነሻና መድረሻ እንጂ ስንት እንደጫኑ አይጠይቅም፤ ስለዚህ ለሚኒባስም ለተሳቢም የሚያሳየው መንገድ አንድ ነው።

በአዊ ዞን ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። ከፋግታ ለኮማ የሚወጣው የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ሲጫን ቀላል ነው፣ ግን ወደ ላይ ይቆለላል። ድንች ደግሞ ዝቅ ብሎ ይከብዳል። ያው አይሱዙ ከሰል የጫነ ዕለት ቁመቱ፣ ድንች የጫነ ዕለት ክብደቱ ያሳስባል። ጭነቱ በተቀየረ ቁጥር በመሣሪያው ላይ የተሞላው ልክም መቀየር አለበት።

ልኩ ሲሞላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሹፌሩ የሚናገረው በኩንታል፣ መሣሪያው የሚጠይቀው በቶን ነው፤ 10 ኩንታል 1 ቶን ይሆናል። 400 ኩንታል የጫነ የተሳቢ ሹፌር 40 ቶን ብሎ ቢሞላ ግን ተሳስቷል። ድልድዩ የሚሸከመው ጭነቱን ብቻ ስላልሆነ የመኪናውና የተሳቢው ባዶ ክብደት መደመር አለበት።

መሣሪያ ሲመረጥ ሁለተኛው መለኪያ ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር አሽከርካሪዎች ያውቁታል። ጂፒኤስ ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት ስለሚቀበል ኔትወርክ አይፈልግም፤ ኔትወርክ የሚፈልገው ካርታው ነው። ካርታውን አስቀድሞ ማውረድ የሚያስችልና የጭነት መኪና ልክ የሚቀበል መተግበሪያ አለ፤ ኦስምአንድ አንዱ ነው። ካርታውን የሚወስደውም ማንም ሰው ሊያርመው ከሚችለው ከኦፕን ስትሪት ማፕ ነው።

የመድረሻ ሰዓትን ግን በጥርጣሬ ማየት ይገባል። ከዳንግላ ተነስቶ በእንጅባራ፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ተሳቢ ከደጀን በታች የዓባይን በረሃ ይወርዳል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን እንዳይግል እየተጠነቀቁ ወርደው ወደ ጎሃ ጽዮን ያንኑ ያህል መውጣት ነው። ለቤት መኪና የተሰላ ሰዓት እዚህ ላይ አይሠራም፤ በዚያ ስሌት ሹፌሩን ማጣደፍም አደጋን መጋበዝ ነው።

ትልቁ አደጋ ያለው ግን ካርታው ዝም ባለበት ቦታ ነው። የአንድ ድልድይ የክብደት ገደብ ካልተመዘገበ መሣሪያው ገደብ እንደሌለው ይቆጥረዋል። ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ቀበሌ የሚገባ የጠጠር መንገድ በስልኩ ላይ ደህና መስሎ የሚታየው አንዳንዴ ገደቡን ማንም ስላልመዘገበው ብቻ ነው። መንገድ መዘጋቱንም ካርታው ላያውቅ ይችላል፤ ከፊት ላለው ሹፌር ደውሎ «መንገዱ እንዴት ነው?» ማለት ዛሬም አይቀርም።

ስለዚህ ምርጡ መሣሪያ ልክ የሚጠይቅ፣ ያለ ኔትወርክ የሚሠራና የሚታረም ካርታ ያለው ነው። የዞኑና የወረዳዎቹ የመንገድ ባለሙያዎች የየድልድዩን ገደብ፣ ሹፌሮችና ረዳቶች ደግሞ በመንገድ ያዩትን ቢመዘግቡበት፣ ለአካባቢው አዲስ የሆነ አሽከርካሪ የነባሩን ያህል አውቆ ይነዳል። ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚያድነው ደግሞ የሰው ሕይወት ነው።