ሻወር ቤታችን ውስጥ መደብ ለምን ሠራን?

ወዳጆቼ፣ ስለ አዲስ አበባ አመሠራረት ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምንጀምረው ከቤተ መንግሥትና ከመኳንንት ነው። እኔ ዛሬ ከገላ መታጠቢያ ልጀምር። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ እንጦጦ ላይ ሲኖሩ ብርዱና ነፋሱ ከባድ ነበር። ከታች ሜዳው ላይ፣ ኦሮሞዎች ፊንፊኔ በሚሉት ቦታ ደግሞ ከመሬት የሚፈልቅ ሙቅ ውሃ ነበር። ነገሥታቱ ወደ ፍልውሃው እየወረዱ መታጠብ ለመዱ። እቴጌይቱ እዚያው አካባቢ ቤት አሠሩ፣ መኳንንቱም ተከተሉ። 1879 ዓ.ም. ላይ ተቆረቆረች የምንላት ከተማ እንዲህ ነው የተጀመረችው። ሰው ገላውን ሊታጠብ ወርዶ እዚያው ቀረ።

ታዲያ በመታጠቢያ የተጀመረች ከተማ 140 ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፣ ለምንድን ነው ብዙዎቻችን ሻወር ያለው ቤት ውስጥ እየኖርን በባልዲ የምንታጠበው? መልሱን "ውሃ ስለሌለ ነው" ብለን ብንዘጋው ይቀላል። ግን ነገሩ ከዚያ ይሰፋል።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ። የምንኖረው ላፍቶ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ የእማዬ ዕጣ ነው። ሲወጣላት እኔ ተማሪ ነበርኩ። የባንኩን ዕዳ ለመክፈል ለዓመታት አከራይታው፣ እኛ ቄራ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይተን ቆየን። ዕዳው አለቀና ባለፈው ዓመት ገባንበት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ እማዬ ስለ ቤቱ ስታወራ ሳሎኑን አታነሳም ነበር። "የራሴ መታጠቢያ ይኖረኛል" ነው የምትለው።

አሁን 70 አልፏታል፣ ጉልበቷንም ያማታል። መታጠቢያ ክፍሉ ሁለት እጅ ቢዘረጋ ግድግዳ የሚነካ ነው። መቀመጫው፣ ላቫንዲኖውና ሻወሩ እዚያችው ውስጥ ተጠጋግተዋል። ውሃ ሲከፈት መቀመጫው፣ ሶፍቱ፣ በሩ፣ ሁሉም ይርሳል። ወለሉ የሚያዘነብለው ወደ ፍሳሽ ማውጫው ሳይሆን ወደ በሩ ስለሆነ ውሃው ኮሪደር ድረስ ይመጣል። ያውም ውሃ ካለ ነው። ፈረቃችን ሲደርስ የሚመጣው ሌሊት ነው፤ ቀን ላይ ከሻወሩ የሚወርደው ጠብታ ነው። አንድ ቀን እማዬን አዳለጣት። እግዚአብሔር ይመስገን ላቫንዲኖውን ይዛ ተረፈች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ፣ መጋረጃ ዘግታ፣ በሳፋ ታጥባት ነበር። እማዬ ምንም አላለችም። ግን መታጠቢያ ቀኗን ማራዘም ጀመረች። በሳምንት የነበረው በአሥር ቀን፣ ከዚያ በአሥራ አምስት ቀን ሆነ። ይሄኔ ነው ነገሩ የቧንቧ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ የገባን።

እስኪ ወደ ታሪኩ እንመለስ። እኛ ሰዎች ገላችንን እንዴት ነበር የምንታጠበው?

ነገሥታቱን እንተዋቸው። ጎንደር ፋሲል ግቢ ውስጥ የእንፋሎት መታጠቢያ ፍርስራሽ አለ፤ ያ የቤተ መንግሥት ነው። የተራው ሰው መታጠቢያ ወንዝና ምንጭ ነበር፤ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሳፋና ጣሳ። ሳሙና ባልነበረበት ጊዜ ልብሱ በእንዶድ ይታጠባል። ውሃ በሚያጥርበት አገር ሴቶች ወይባ ይሞቃሉ፤ ጉድጓድ ውስጥ በሚጤስ እንጨት ላይ ተቀምጠው ገላቸውን ያጥናሉ። እንግዳ ከመንገድ ሲገባ ተቀምጦ እግሩን ይታጠባል። ማዕድ ሲቀርብ አንዱ ማንቆርቆሪያ ይዞ ያፈሳል፣ ሌላው እጁን ይታጠባል። ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ታጣቢው ወይ ተቀምጧል ወይ ጎንበስ ብሏል። ውሃው በዕቃ ተለክቶ ቀርቧል። አብዛኛውን ጊዜም የሚያፈስ ሌላ እጅ አለ።

ውሃ ከላይ ሲወርድብን ቆመን የምንቀበለውስ መቼ ነው? ጠበል ስንጠመቅ ነው። ጳጉሜን 3 በሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ሲጥል ልጆች ሆነን ራቁታችንን የምንሮጠውም ለዚያ ነው። ከላይ የሚወርድ ውሃ ለኛ በረከት ነው፣ የተለየ ቀን ነው። የዘወትር መታጠቢያችን ግን ሳፋው ነው።

ቧንቧ የመጣው በአጼ ምኒልክ ዘመን ነው። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1880ዎቹ ከእንጦጦ ጋራ ውሃ በቧንቧ ስቦ ቤተ መንግሥቱ ያለበት ኮረብታ ላይ አወጣው። ውሃ ሽቅብ ወጣ ተብሎ ጉድ ተባለ። ሚስጥሩ ግን ቀላል ነው። ምንጩ ከቤተ መንግሥቱ ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃው በራሱ ክብደት ነው የተገፋው። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ በኋላ ትጠቅመናለች።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። የገፈርሳ ግድብ የ1930ዎቹ ሥራ ነው። የመታጠቢያ ቤት ቃላቶቻችንን ተመልከቱ፦ ባኞ ጣሊያንኛ ነው፣ ላቫንዲኖ ጣሊያንኛ ነው፣ ወለሉን የምንለሰልስበት ሊሾም ጣሊያንኛ ነው። ዕቃው ከነስሙ ነው የገባው። ለገዳዲ በ1962 ዓ.ም. ገደማ፣ ድሬ ደግሞ በ1991 ዓ.ም. ገደማ ተጨመሩ። ከአቃቂ በኩል የከርሰ ምድር ውሃ መጣ፤ ይሄኛው ከዝቅተኛ ቦታ ሽቅብ በፓምፕ የሚገፋ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል። ከተማዋ ግን ከግድቦቹ ቀድማ አደገች።

አብዛኛው ሕዝብ ደግሞ ባኞ የሚባለውን ነገር ሳያይ ነው የኖረው። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤቶች ተወርሰው የቀበሌ ቤት ሲመጣ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የጋራ ሽንት ቤት የሚሊዮኖች ኑሮ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፎጣና ሳሙና ይዞ ሻወር ቤት መሰለፍን የማያስታውስ የአዲስ አበባ ልጅ አለ? አቅም ያለው ፍልውሃ ይሄዳል፤ የሌለው ጓዳ ውስጥ በሳፋ ይታጠባል።

ሻወር የሚባለው ነገር ራሱ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚገርመው። እንግሊዝ አገር ዊሊያም ፊትሃም የሚባል ምድጃ ሠሪ በ1767 እ.ኤ.አ. በእጅ ፓምፕ ውሃ ከላይ የሚያፈስ ዕቃ አስመዘገበ፤ ያን ጊዜ የሀብታም መጫወቻ ነበር። ሻወር ወደ ብዙኃኑ የገባው በሌላ በር ነው። በ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ፣ ሩዋን ከተማ፣ ሜሪ ዴላቦስት የተባለ የእስር ቤት ሐኪም ብዙ እስረኞችን በጥቂት ውሃና በአጭር ጊዜ ማጠቢያ አድርጎ ተጠቀመበት። በ1883 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጀርመናዊው ሐኪም ኦስካር ላሳር ለሠራተኛው ሕዝብ የሚሆን ርካሽ ሻወር በርሊን ኤግዚቢሽን ላይ አሳየ። ማለትም ሻወር ሲጀመር የቅንጦት ሳይሆን የቁጠባ መሣሪያ ነበር፤ ገንዳ ሙሉ ውሃ ላለማባከን የተፈለገ። ግን ሁለት ነገሮችን ቀድሞ ይጠይቃል፦ ከላይ የሚገፋ ውሃና መቆም የሚችል ሰው። እስረኛና ወታደር መቆም አያቅታቸውም።

አሁን ወደ ኮንዶሚኒየም እንምጣ። በ1996 እና 97 ዓ.ም. ገደማ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲጀመር ለእያንዳንዱ ቤት፣ 20 ካሬ ለማትሞላው ስቱዲዮ ሳይቀር፣ የራሱ ሻወር፣ የራሱ በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤትና የራሱ ላቫንዲኖ እንዲኖረው ተወሰነ። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ከጋራ ሽንት ቤት ለወጣች ሴት የራሷ በር ያለው መታጠቢያ ማለት ምን እንደሆነ እማዬን ጠይቁ። ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለበግ ማረጃና ለልብስ ማጠቢያ ደግሞ ኮሚናል ታሰበልን። ኑሯችንን ያየ ሰው ነበረ ማለት ነው። ገላችን ላይ ሲደርስ ግን የሌላ አገር መታጠቢያ ተቀንሶ ተሰጠን። መጠኑ አነሰ እንጂ ሐሳቡ አልተቀየረም። ውሃ ሁልጊዜ በግፊት ይመጣል፣ ታጣቢው ይቆማል፣ ሽማግሌ የለም።

ስሌቱን እዩት። 10 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚሰጠው ግፊት 1 ባር ገደማ ነው። 4ኛ ፎቅ ላይ ያለ የሻወር ራስ ከመሬት ከ12 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ውሃው እዚያ ለመድረስ ብቻ ከ1 ባር በላይ ያልቅበታል። ጎረቤት ሁሉ ቧንቧ በሚከፍትበት ሰዓት የሚቀር ግፊት የለም። ከኛ በፊት የነበሩት ተከራዮች ይሄ ገብቷቸዋል፤ ትልቅ ሰማያዊ በርሜልና እጀታው የተሰበረ ጆግ ትተውልን ነው የሄዱት። ሻወሩ ላይ ደግሞ ልብስ ማስጫ ገመድ አስረውበታል።

እና ምን አደረግን? ባለሙያ ጠርተን ሻወሩን ለማሻሻል ሳይሆን ሳፋውን ለማክበር ተነሳን።

የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሕንፃው የጋራ አካል የሁሉም ባለቤቶች ነው ይላል። ስለዚህ ሶሌታውንና ወደ ታች የሚወርደውን ዋና ፍሳሽ አልነካንም። ከላይ ያለውን ሊሾ ብቻ አነሳን። 3ኛ ፎቅ ያሉትን ጎረቤታችንንም አስቀድመን አነጋገርናቸው፤ ኮርኒሳቸው ላይ ያለውን የእርጥበት ምልክት አሳዩን፣ ለካ እሳቸውም በዝምታ ሲቸገሩ ነበር። ውሃ የማያሳልፍ ነገር ከተቀባ በኋላ ወለሉ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ያህል ወደ ፍሳሽ ማውጫው እንዲያዘነብል ተደረገ። ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ ደፍተን ወዴት እንደሚሄድ አየን። ይቺን ፈተና ማንም እንዳይዘላት እመክራለሁ። ሴራሚኩ ሻካራ፣ የማያዳልጥ ነው።

ከዚያ በጡብ መደብ ሠራን። አዎ፣ የድሮውን የአያቶቻችንን ቤት መደብ። ቁመቱ 45 ሴንቲ፣ ከላይ ሴራሚክ። ከጎኑ የሚያዝ የብረት ቱቦ። ጥጉ ላይ ባለ 100 ሊትር ታንከር በብረት ቋሚ ላይ ቆመ፤ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ይሞላል፣ ሲሞላ ራሱ ይዘጋል። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ አግሮስቶን ግድግዳ ላይ እንዳትሰቅሉት አደራ። የኛ ቋሚ ክብደቱ ወለሉ ላይ ነው፣ የታሰረውም ከብሎኬቱ ጋር ነው።

የኢልግን ነጥብ አስታወሳችሁ? ታንከሩ ከጣሪያው በታች ስለሆነ ለሻወር ራስ የሚተርፍ ግፊት አይሰጥም። ቧንቧውን ግን ወደ ታች፣ የተቀመጠ ሰው እጅ ዘንድ ስናወርደው ውሃው ጥሩ አድርጎ መጣ። ፊዚክሱም አያቶቻችን ባሉት ተስማማ፤ ተቀመጥና ታጠብ። የፈላ ውሃ ባልዲ ውስጥ ይጨመራል፣ ቀዝቃዛው ከቧንቧው ይደባለቃል፣ በጆግ ይፈሳል። የድሮውን የሻወር ራስ አልነቀልነውም። ሌሊት ውሃ ሲመጣ እኔ እቆምበታለሁ።

ወጪው የአንድ ወር ተኩል ደመወዜን በላ። እማዬ ግን አሁን በራሷ ቀን፣ በር ዘግታ፣ ብቻዋን ትታጠባለች። ጀርባዋን ማስታሸት ስትፈልግ ብቻ ባለቤቴን ትጠራታለች።

አንድ ነገር ሳልል ግን አላልፍም። "ኋላ ቀር ናቸው፣ ሻወር ተሰጥቷቸው በባልዲ ይታጠባሉ" የሚል ወሬ እሰማለሁ። ታሪኩ የሚለው ሌላ ነው። በባልዲ የሚታጠበው ሰው ያለውን የውሃ መጠንና የራሱን ጉልበት አስልቶ ነው። ያልተሰላው ክፍሉ ነው። ከዚያ ክፍል ጋር ለመኖር የሚከፈለውን ደግሞ ማን እንደሚከፍል እዩ፦ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስታ ጀሪካን የምትሞላው፣ ውሃ አሙቃ ሳፋ የምትሸከመው፣ ኮሪደሩን የምትወለውለው ሴት ናት። የኛ ቤት ስሌት ውስጥም ከእማዬ ቀጥሎ የተረፈችው የባለቤቴ ወገብ ነው።

በያዝነው ሴሚስተር ለተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ ሰጥቻቸዋለሁ። ቤታችሁ ያሉትን ትልቅ ሰው "ልጅ እያላችሁ ገላችሁን የት፣ በምን፣ ማን ባመጣው ውሃ ነበር የምትታጠቡት?" ብላችሁ ጠይቁ ብያለሁ። ከመማሪያ መጽሐፉ ውጭ ነው፣ ግን ታሪክ ነው። ዲዛይን የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶችም፣ አዲስ ሳይት ላይ እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ይሄንኑ ጥያቄ እናታችሁን ጠይቁልኝ። መደብ በኋላ ሰብሮ ከመሥራት መጀመሪያ ማሰቡ ርካሽ ነው።

እናንተስ? መታጠቢያችሁ ውስጥ ምን ቀየራችሁ? በተለይ ቤታችሁ አረጋዊ ወይም የታመመ ሰው ያላችሁ፣ ከታች ጻፉልን። አንዱ የሞከረው ለሌላው ወጪ ያድናል።

መልካም ሳምንት።