ትሕትና ለማን ይሰበካል? ሕጽበተ እግርና የሥልጣን ጥያቄ

በጸሎተ ሐሙስ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ያጥባል፤ ለሥርዓቱም የወይራና የወይን ቅጠል ይቀርባል። መስቀል የሚያሳልመው እጅ በዚያ ቀን ወደ እግር ይወርዳል። ስለ ትሕትና የምንሰጠው የዘወትር ትምህርት ግን አቅጣጫው ሌላ ነው። «ትሑት ሁን» የሚባለው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው፣ ሚስት ናት፣ የቤት ሠራተኛ ናት፣ ተራ ምእመን ነው። የአዲስ ኪዳንን ምንባቦች በጥሞና ስናያቸው ግን በቅድሚያ የተነገሩት ለሌላው ወገን ሆነው እናገኛቸዋለን።

በማርቆስ 10 ስለ አገልጋይነት የተነገረው ያዕቆብና ዮሐንስ በቀኝና በግራ ለመቀመጥ ከለመኑና ዐሥሩ ከተቆጡባቸው በኋላ ነው። በሉቃስ 22 «ማን ይበልጣል?» የሚለው ክርክር የተነሣው በመጨረሻው እራት ማዕድ ላይ ነው። በ1ኛ ጴጥሮስ 5 ወጣቶች ለሽማግሌዎች እንዲገዙ መነገሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከእነርሱ በፊት የተገሠጹት መንጋውን በኃይል እንዳይገዙ የተነገራቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ትሕትናን እንደ ልብስ እንዲታጠቁም የታዘዙት ሁሉም ናቸው።

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ነገሩን ያጠልቀዋል። ዮሐንስ ጌታ ኅብስቱንና ጽዋውን ሲሰጥ አይተርክም፤ በዚያ እራት ላይ የሚያሳየን እግር ሲታጠብ ነው። ጌታ ከማዕድ የተነሣው አብ ሁሉን በእጁ እንደ ሰጠው እያወቀ መሆኑን ወንጌላዊው አስቀድሞ ይነግረናል። ስለዚህ ይህ ትሕትና ራስን ከመናቅ የመጣ አይደለም፤ ይሉኝታም አይደለም። በግሪክኛው ልብሱን ሲያኖርና መልሶ ሲያነሣ የተጠቀሱት ግሦች በምዕራፍ 10 ነፍሱን ስለ ማኖርና ስለ ማንሣት ከተነገሩት ጋር አንድ ናቸው፤ እጥበቱና መስቀሉ በአንድ ቋንቋ ተተርከዋል። ሲጨርስም መምህርና ጌታ መባሉን አልሻረም። ሥልጣኑ እንዳለ ነው፤ የተለወጠው የሚቆምበት ቦታ ነው። በዚያ ሰዓት ይሁዳ ገና አልወጣም ነበር፤ እግሩ ከሌሎቹ ጋር ታጥቧል።

ሥራው በዘመኑ የማን ነበር? ቆየት ብሎ የተጻፈ የአይሁድ ሊቃውንት የዘጸአት ትርጓሜ ዕብራዊ ባሪያ እንኳ የጌታውን እግር እንዲያጥብ መገደድ እንደሌለበት ያስተምራል። በእኛም አገር በገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፦ መሽቶበት የመጣ እንግዳ ሲያርፍ ውኃ አሙቆ እግሩን የሚያጥበው በቤቱ ውስጥ ከሁሉ ዝቅ ብሎ የሚታየው ነው። ማርቆስና የፊልጵስዩስ መልእክት የሚጠቀሙበትን «ባሪያ» የሚለውን ቃል በአማርኛ ስናነብ በዘይቤነቱ ብቻ ልናልፈው አይገባም። ባርነት በኢትዮጵያ በአዋጅ የተሻረው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው፤ ቃሉም እስከ ዛሬ ሰው ይሰደብበታል። ወዶ የሚያጎነብስና ተገዶ የሚያጎነብስ አንድ አይደሉም። ለሁለተኛው ትሕትናን መስበክ ሸክሙ ላይ ሸክም መጨመር ነው፤ ይህን በመድረኮቻችን ስናደርገው ማየት ያሳዝነኛል።

ማዕረግ ብቻውን እንደማያድን ታሪክ በከባድ ዋጋ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. ከ590 እስከ 604 የሮም ጳጳስ የነበረው ታላቁ ጎርጎርዮስ ራሱን «የእግዚአብሔር አገልጋዮች አገልጋይ» ብሎ ይጠራ ነበር፤ በላቲን ያው ቃል ባሪያንም ያመለክታል። መጠሪያው በኋላ የጳጳሳት ደብዳቤዎች መክፈቻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1455 ኒቆላዎስ 5ኛ የፖርቱጋል ንጉሥ አፍሪካውያንን በባርነት እንዲይዝ የተሰጠውን ፈቃድ ያጸናበት ሰነድም የሚከፈተው በዚሁ ማዕረግ ነው። ራሱን የባሮች ባሪያ ብሎ የጻፈ እጅ ሌሎችን ለባርነት አሳልፎ ሰጠ። ቫቲካን ይህና መሰል ሰነዶች የካቶሊክን እምነት እንደማይገልጹ በይፋ ያስታወቀችው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው።

ዛሬ «አገልጋይ መሪነት» በሥልጠና አዳራሾች የሚዘወተር ቃል ሆኗል። በዘመናዊ አስተዳደር ጽሑፍ ያስፋፋው ሮበርት ግሪንሊፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ድርሰት ነው። የእርሱ አሳብ ቅን ነው፤ በሥልጠና ውስጥ ግን አገልግሎት ብዙ ጊዜ ውጤት ማምጫ ዘዴ ሆኖ ይቀርባል። የዮሐንስ 13 እጥበት ግን ትርፍ አልታሰበበትም፤ ከታጠቡት አንዱ በዚያው ሌሊት አሳልፎ ሰጥቶታል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ፖፕ ፍራንሲስ በቫቲካን ተንበርክከው የሳልቫ ኪርን፣ የሪክ ማቻርንና የሌሎች የደቡብ ሱዳን መሪዎችን እግር ሳሙ። ከወራት በፊት እነዚህ ሰዎች አዲስ አበባ ላይ የሰላም ስምምነት ፈርመው ነበር። ብዙዎች የሽማግሌውን ዝቅታ አደነቁ። እኔ ግን ትኩረቴ በተሳሙት እግሮች ላይ ነው፦ የጦር መሪዎች እግሮች ነበሩ፤ ትሕትና ለተፈናቃዩ ሳይሆን ለሚያፈናቅለው ተሰበከ። አድራሻው ትክክል ነበር። እግራቸው የተሳመው መሪዎች ራሳቸው ወደ ሕዝባቸው እግር ካልወረዱ ግን መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

አንድ የሚረብሸኝ ምንባብ አለ። ከዮሐንስ ወንጌል ሌላ በአዲስ ኪዳን የቅዱሳንን እግር ማጠብ እንደ በጎ ምግባር የተጠቀሰው በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5 ነው፤ መስፈርቱም የተሰጠው ለመበለቶች ነው። በምዕራፍ 3 ለኤጲስ ቆጶስ ከተዘረዘሩት መስፈርቶች እንግዳ መቀበል አለ፤ እግር ማጠብ ግን የለም። ሥራው ተመልሶ ከድሆች ሴቶች እጅ ገብቷል። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ሲያጎነብስ የሚረከበው ከእነርሱ ነው፤ በማግስቱ ለማን እንደሚመልሰው ግን በሥርዓቱ ላይ አልተጻፈም።