«ፎሎውድ ሱት» ሲሉ

የእንግሊዝኛ የታሪክ መጻሕፍት የሚያገላብጥ ተማሪ «ፎሎውድ ሱት» ከምትለው ሐረግ ጋር ሳይላተም ብዙ ገጽ አይሄድም። አንዱ አገር አንድ ነገር ያደርጋል፤ ሌሎቹ «ፎሎውድ ሱት»። እኛም «አርአያውን ተከተሉ» ብለን ተርጉመን እናልፋለን። (ሱቱን ሙሉ ልብስ የሚያደርገውም አይጠፋም። እሱም ቢሆን ብዙ አልራቀም፤ የልብሱም የካርታውም ስም የወጣው «መከተል» ከሚል ከአንድ የጥንት ፈረንሳይኛ ቃል ነው።)

የሐረጉ አገር የካርታ ጠረጴዛ ነው። በ18ኛው መቶ ዓመት እንግሊዞች አብዝተው በሚጫወቱት በዊስት፣ ጀማሪው ልብ ከጣለ በእጁ ልብ የያዘ ሁሉ ልብ ይጥላል። ይዞ ሳለ ሌላ ቢጥል ይቀጣል። የሌለው ግን ያሻውን መጣል ይችላል። እንግዲህ እዚህ ላይ አርአያ የሚባል ነገር የታለ? የሚያስገድደው ሕጉና በእጅ ያለው ካርታ ነው።

እስቲ በአንድ ጉዳይ እንሞክረው። ሴፕቴምበር 21 ቀን 1931 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ፓውንድን በወርቅ መመንዘር አቆመች። በሳምንት ገደማ ስዊድን፣ ኖርዌይና ዴንማርክ ያንኑ አደረጉ። ለመሆኑ ዴንማርክ የለንደንን ብልህነት አድንቃ ነው? ቅቤዋንና የአሳማ ሥጋዋን በብዛት የምትሸጠው ለእንግሊዝ ነበር። ፓውንድ ረክሶ ክሮነር ከወርቅ ጋር እንደታሰረ ቢቀር፣ ወይ ቅቤው በእንግሊዝ ገበያ ይወደዳል፣ ወይ ገበሬዋ የሚያገኘው ክሮነር ይቀንሳል። ልቡ በእጇ ነበረና ጣለችው። ብዙ ወርቅ ያከማቸችው ፈረንሳይ ግን እስከ 1936 አልነቃነቅም አለች። ጃፓንም በዲሴምበር 1931 ከወርቅ ወጣች፤ የወጣችው ግን ካቢኔው ወድቆ ታካሃሺ ኮረኪዮ የገንዘብ ሚኒስትር በሆነ ጊዜ ነው። መጻሕፍቱ ግን ሁሉንም በአንዲት ሐረግ ይጠቀልሉታል።

በዚያው ዓመት፣ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ በኛም አገር የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ወጣ። አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት መነሻ አድርገዋል። ይህ እንኳ አርአያ ቢባል ያምርበታል፤ ቶኪዮ የጣለችው፣ እኛም ግድ የምንከተለው ካርታ አልነበረም። እንግሊዞችም ለእንዲህ ያለው ሌላ አባባል አላቸው፦ ከሰው መጽሐፍ አንድ ቅጠል መውሰድ።

ስለዚህ እኔ በማስታወሻዬ ዴንማርክ ላይ ስደርስ «ግድ ሆኖባት ተከተለች» ብዬ ጻፍኩ። ጃፓን ላይ ግን «ተከተለች» የሚለውን ቃል ራሱን ሰረዝኩት።