የጋራዥ ቃላትና የተርቦው ዘይት፦ ከአሶሳ የተነሣ የቴክኖሎጂ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከቤተ መዛግብት ሳይሆን ከመኪናዬ ሥር ነው። አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ከመንዲ በባምባሲ በኩል ወደ አሶሳ ስመለስ፣ ያረጀችው ባለ ተርቦ የናፍጣ መኪናዬ ሰማያዊ ጭስ ታወጣ ጀመር። በቆመችበትም ዘይት ሲንጠባጠብ አደረ። አስቀድሜ ያማከርሁት ባለሙያ በተርቦው ዙሪያ ዘይት ስላየ «ተርቦው አልቋል፤ ይቀየር» ሲል ፈረደ። የአዲሱ ዋጋ የብዙ ወራት ደመወዜን የሚበላ ነበር።

እዚሁ አሶሳ ወዳለ አንድ አነስተኛ ጋራዥ ወሰድኋት። አዛውንቱ መካኒክ ለመፍረድ አልቸኮሉም። ሞተሩን አጥበው አደረቁ፤ በተጠረጠሩት መጋጠሚያዎች ላይ የሕፃናት ፓውደር ነስንሰው ሞተሩን አስነሡ። ዘይት ቁልቁል ይፈስሳል፤ ነፋስም ወደ ኋላ ይገፋዋል። የሚታይበት ቦታ የመነጨበት የሚሆነው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። በነጩ ዱቄት ላይ የጠቆረውን መስመር ወደ ላይ ሲከተሉት ከተርቦው የአየር መውጫ ጎማ ደረሱ። ጎማውን ፈትተው ዘንጉን በጣታቸው ወዘወዙት። ወደ ጎን ጥቂት ላላ፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን አልተንቀሳቀሰም።

«ዶክተር፣ ተርቦው ጤነኛ ነው። ፖምፓው ይልካል፤ መመለሻው ነው የታፈነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊሽከረከር የሚችለው የተርቦ ዘንግ በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ይንሳፈፋል። ዘይቱ በፖምፓ ግፊት ይገባል፤ የሚመለሰው ግን በገዛ ክብደቱ ብቻ ነው። በዘንጉ ጫፎች ያሉት ማገጃዎች የፒስተን ፋሻ የሚመስሉ ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ናቸው፤ መመለሻው ሲዘጋ ዘይቱን ሊይዙት አይችሉም። በእኔ መኪና፣ ከዓመታት በፊት ያደሳት ሰው በመመለሻ ቱቦው አፍ በጓርኒሲዮን ፋንታ ሲልከን ቀብቶ ነበር። ትርፉ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ የተቃጠለ ዘይት ተጋግሮበት፣ ቀዳዳው እርሳስ የማያሳልፍ ሆኖ አገኘነው። ቱቦው ተጠርጎ፣ አዲስ ጓርኒሲዮን ተቆርጦ፣ ዘይትና ፊልትሮ ተቀየረ። በኢንተርኩለሩ የተጠራቀመውም ዘይት ተደፋ፤ የናፍጣ ሞተር እርሱን ከጠጣ አልቆምም ብሎ ሊፈረጥጥ ይችላልና።

እኔ በዚያ ሁሉ ሰዓት ቃላቱን እጽፍ ነበር። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ብሎን፣ ኩሽኔታ፣ ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፦ ሁሉም ጣልያንኛ። ኢንተርኩለርና ሲልከን ግን ከእንግሊዝኛ ናቸው። (ተርቦ ራሱ ሥሩ ላቲን ነው፤ አዙሪት ማለት።) አርኪዮሎጂስት አፈርን በድርብርቡ እንደሚያነብ፣ የጋራዥ ቋንቋም እንዲሁ ይነበባል። መኪና አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ የመካኒክነትን ቃላት በብዛት ያስፋፋው ግን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በወረራው ዘመን የመጣው የጣልያን ካሚዮን ነው። አሶሳን በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ከጣልያን እጅ ያስለቀቀው የቤልጅግ ኮንጎ ጦር ነበር። ጦሮቹ ሄዱ፤ ኩሽኔታ ቀረ።

ተርቦ የላይኛው ድርብርብ ነው። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኺ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር፤ አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 ከ4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በፓይክስ ፒክ ተራራ ፈተነው። ስስ አየርን ለማሸነፍ የተፈተነው መሣሪያ ለደጋ አገር የሚስማማ ነው፤ 1,570 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት አሶሳ እንኳ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል በስድስተኛ ያህል ያንሳል። ወደ እኛ የመጣው ግን ዘግይቶ፣ በተለይ በጃፓን የናፍጣ መኪኖች ነው። በመኪናዬም የተፈረደበት ይህ መጤ ነበር፤ ጥፋቱ ግን ፖምፓና ጓርኒሲዮን በሚባሉት በቀድሞዎቹ ክፍሎች ሠፈር ተገኘ። እኛ የታሪክ ሰዎችም ለቀውሶች ምክንያት ስንፈልግ መጨረሻ የመጣውን መክሰስ ይቀናናል፤ እኔም በጽሑፎቼ ከአንድ ጊዜ በላይ አድርጌዋለሁ።

አዛውንቱ ቃላቱን ከጌታቸው አፍ እንጂ ከመጽሐፍ አልተማሩም። ዘንድሮ ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን እርሳቸውን መቅዳት ጀምረናል። ቁልፉን ሲመልሱልኝ «ከሩጫ ሲመለሱ ወዲያው አያጥፉት፤ ተርቦው ሲግል ዘይቱ ውስጡ ያራል። አንድ ደቂቃ ይታገሡት» ብለውኝ ነበር። በግቢው በር ሞተር አስነሥቼ ዝም ብዬ ተቀምጬ የምታዩኝ ለዚህ ነው።