«እንድሪስ»፦ የአንድ የወሎ ስም ትርጉምና ታሪካዊ መነሻ

በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ እንድሪስ የተለመደ የወንድ ስም ነው። የስም መጻሕፍት ትርጉሙን ሲሰጡ «ብዙ ያጠና፣ የተማረ» ይሉታል፤ ማጥናትንና መማርን ከሚያመለክተው ከዐረብኛው «ደርስ» ያወጡታልና። ፍቺው ለጆሯችን ይጥማል። በወሎ የቁርኣንና የኪታብ ተማሪ ደረሳ ይባላል፤ ድርሳን፣ ድርሰትና ደራሲ የሚሉት ቃሎቻችንም የዚሁ ሴማዊ ሥር ዘመዶች ናቸው። ስለጣመን ብቻ ግን ልንቀበለው አይገባም።

ተቃውሞው የመጣው ከራሳቸው ከዐረብኛ ሰዋስው ሊቃውንት ነው። በ1144 እ.ኤ.አ. ያረፈው ታላቁ ሙፈሲር (የቁርኣን ተርጓሚ) አል-ዘመኽሸሪ ነገሩን በአጭሩ ቋጭቶታል፦ ስሙ ከ«ደርስ» የወጣ ቢሆን ኖሮ ተንዊን (በስም መጨረሻ የሚሰማውን የ«ን» ድምፅ) ይቀበል ነበር፤ በቁርኣን ግን እንደ ኢብራሂምና እንደ ያዕቁብ ያለ ተንዊን ይነበባል፤ ስለዚህ ከውጭ የገባ ስም ነው። ከየት ገባ ለሚለው፣ ጀርመናዊው ምሁር ኖልደከ እንድርያስ ከሚለው የግሪክ ስም፣ ፈረንሳዊው ካዛኖቫ ደግሞ ከዕዝራ የግሪክኛ አጠራር ሊያመጡት ሞክረዋል። ሁለቱም ጉዳዩን አልዘጉትም። በእኔ እምነት የዚህ ስም ትርጉም መፈለግ ያለበት በሥረ ቃሉ ሳይሆን በባለቤቱ ታሪክ ውስጥ ነው።

የስሙ ባለቤት፣ በዐረብኛው አጠራር ኢድሪስ፣ በቁርኣን በስም የሚነሳው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በሱረቱ መርየም እውነተኛ ነቢይ እንደነበረና አላህ ወደ ከፍተኛ ስፍራ እንዳነሳው ይነገራል፤ በሱረቱል አንቢያእ ከኢስማዒልና ከዙልኪፍል ጋር ከታጋሾቹ ይቆጠራል። ወደ ሰማይ የተደረገውን ጉዞ በሚተርከው በሚዕራጅ ሐዲስም ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በአራተኛው ሰማይ ያገኙት እሱን ነው። ኢልያስ ነው ያሉ ቢኖሩም አብዛኞቹ ሙፈሲሮች ኢድሪስን በኦሪት ዘፍጥረት እግዚአብሔር እንደወሰደው ከሚነገርለት ከሄኖክ ጋር አንድ አድርገውታል። ትውፊቱ ብዙ ጨምሮለታል። በብርዕ የጻፈ የመጀመሪያው ሰው፣ ልብስ የሰፋ የመጀመሪያው ሰው፣ የከዋክብትን ስሌት ያወቀ ይባላል። በሙስሊሙ ዓለም የልብስ ሰፊዎች ማኅበራት የሙያቸው አባት አድርገው የያዙትም በዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ በቁምራን ዋሻዎች የተገኙት የአራማይክ ቁርጥራጮች ናቸው፤ አውሮፓም መጽሐፉን በሙላት ያየው ጄምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ይዞ ከተመለሰ በኋላ ነው። በዚያ መጽሐፍ ሄኖክ ጸሐፊ ነው፤ የፀሐይንና የጨረቃን መንገድ ከመልአኩ ከኡርኤል ይማራል። የግዕዙ ሄኖክና የሙስሊሙ ትውፊት ኢድሪስ በጽሕፈትና በሰማይ ስሌት ይገናኛሉ። ታዲያ ወሎ ላይ በአንድ መንደር ቄሱ ሄኖክን ሲያነብ፣ ማዶ ደግሞ አንዲት እናት እንድሪስን ስትጣራ፣ የሚነሳው ያው ጥንታዊ ሰው ነው።

ስሙ ሀገራችን ሲገባ «ን» ጨምሯል፤ ኢድሪስ እንድሪስ ሆኗል። ለውጡን ያመጣው በአካባቢው አስቀድሞ የሚታወቀው እንድርያስ የሚለው የክርስቲያን ስም ነው ብዬ እገምታለሁ፤ የእንግዳ ስም አፍ ወደለመደው ስም መጠጋቱ ያለ ነገር ነው። ኖልደከ ኢድሪስን ያገኘው ከእንድርያስ ነበር፤ ግምቴ ልክ ከሆነ ወሎ ደግሞ በራሱ መንገድ ወደ እንድርያስ መለሰው ማለት ነው።

በወሎ የአባትና የልጅ ስም ሲደረደር ሃይማኖቱ የሚቀያየርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አያትየው ሰይድ፣ አባትየው ተሰማ፣ ልጁ እንድሪስ ሊሆን ይችላል። በጋብቻ መቀላቀሉ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ግን ከባድ ነው። በ1878 እ.ኤ.አ. በወሎ ቦሩ ሜዳ ከተካሄደው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሱ አስገደዱ። ከወሎ መሪዎች ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ኢማም አመዴ ሊበን ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሸኽ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ግን እምቢ ብለው ለተቃውሞ ተነሱ። ስሙን በይፋ ለውጦ ሃይማኖቱን በቤቱ የያዘውም ብዙ ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት ለተወለደ ልጅ ከታጋሾቹ የተቆጠረውን ነቢይ ስም ማውጣት የተራ ስም አወጣጥ ጉዳይ አልነበረም። ስለዚህ የወሎን የትውልድ ሐረግ የሚያጠና ሰው እንድሪስ የሚል ስም ከአንድ ክርስቲያናዊ ስም ቀጥሎ ሲያገኝ፣ ልጁ የተወለደበትን ዓመት አስቀድሞ ቢያጣራ ይበጀዋል።