ቀላል ጨለማ ቁስ እና የመሬት ውስጥ ፍለጋው

ቀላል ጨለማ ቁስ የሚባለው፣ መኖሩ በመላምት የሚታሰብ፣ ክብደቱ ከፕሮቶን የሚያንስና ብርሃን የማያመነጭ የቅንጣት ዓይነት ነው። ከዩኒቨርስ ቁስ 85 በመቶ ያህሉ ጨለማ ቁስ እንደሆነ ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሪትስ ዝዊኪ ኮማ በተባለው የጋላክሲ ክምችት ውስጥ የሚገኙት ጋላክሲዎች በሚሮጡበት ፍጥነት ሳይበታተኑ የሚቆዩት የማይታይ ቁስ ሲስባቸው እንደሆነ አመለከተ። በ1970ዎቹ ደግሞ ቬራ ሩቢን የጋላክሲዎችን ሽክርክሪት ለክታ ሐሳቡን አጠናከረችው።

ፍለጋው ወደ ጉድጓድ የወረደው በጠፈር ጨረር ምክንያት ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ ከጠፈር ጨረር የሚወለድ ሙዮን የተባለ ቅንጣት በየደቂቃው አንድ ያህል ይወርዳል፤ 2,000 ሜትር ከፍ ብላ በተቀመጠችው የወለጋዋ ነቀምቴ ደግሞ ቁጥሩ ይጨምራል። ይህ ውርጅብኝ የጠቋሚ መሣሪያን ጆሮ ይደፍናል፤ የሚከላከለውም ወፍራም አለት ነው። እንዲህ ያለ አለት ሥር ለመግባት የማዕድን ጉድጓዶች ያገለግላሉ። ወለጋ ማዕድንን በቱሉ ካፒ ወርቅና በዩብዶ ፕላቲነም ያውቀዋል። በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ደግሞ ሆምስቴክ የተባለው የወርቅ ማዕድን ማውጫ በ2002 ከተዘጋ በኋላ ጉድጓዱ ቤተ ሙከራ ሆኗል፤ ኤልዜድ የተባለው የፈሳሽ ዜኖን ጠቋሚ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ የሚገኘው እዚያ ነው። የካናዳው ስኖላብ በሰድበሪ የኒኬል ማዕድን ማውጫ ውስጥ 2 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛል።

ዋናው ችግር ግን የቅንጣቱ ቅለት ነው። የጤፍ ፍሬ የወፍጮ ድንጋይ ብትመታ ድንጋዩ ንቅንቅ አይልም፤ ቀላል ቅንጣትም ከባድ የዜኖን አስኳል ሲመታ የሚያሳርፈው ጉልበት እጅግ ትንሽ ነው። ይህን ትንሽ ጉልበት ለመለካት፣ በጣሊያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር፣ 1,400 ሜትር አለት ተሸክሞ የሚሠራው ክሬስት የተባለ ሙከራ፣ 24 ግራም የሚመዝን የካልሲየም ተንግስቴት ክሪስታልን ከፍጹም ዜሮ በላይ 0.015 ዲግሪ ገደማ ድረስ ያቀዘቅዛል። በክሪስታሉ ላይ የአምፖል ክር ከሚሠራበት ተንግስተን የተሠራ ስስ ሽፋን አለ። ሽፋኑ የኤሌክትሪክ መቋቋሙን ሊያጣ አፋፍ ላይ ስለሚቆይ፣ ኢምንት ሙቀት እንኳ መቋቋሙን ይለውጠዋል። በ2019 ይፋ የሆነው ውጤት ፍለጋውን እስከ ፕሮቶን አንድ ስድስተኛ ክብደት አውርዶታል። ከዚያ በታች ለመሄድ ሴንሴይ የተባለው ሙከራ አስኳሉን ትቶ በሲሊከን ውስጥ የሚነቃነቁ ኤሌክትሮኖችን አንድ በአንድ ይቆጥራል።

ክሬስትና መሰሎቹ በዝቅተኛ ጉልበት ላይ ያልተጠበቁ ብዙ ምልክቶችን አይተዋል፤ ነገር ግን ምልክቶቹ በጊዜ ብዛት ስለሚቀንሱና ከክሪስታል ክሪስታል ስለሚለያዩ እንደ ጨለማ ቁስ አልተቆጠሩም። ይህ ጥንቃቄ ሊከበር ይገባዋል። በአፍሪካ፣ በደቡብ አፍሪካው የሁግኖት የመኪና ዋሻ ውስጥ የመሬት ውስጥ ቤተ ሙከራ ለመሥራት ታቅዷል፤ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች ሊከታተሉት የሚገባ ዕቅድ ነው።