ጫጫታ
በተለምዶ ጫጫታ ስንል የገበያ ወይም የልጆች ሁካታ ነው ትዝ የሚለን፤ የብዙ ሰው አፍ። ድምፅ የሚቀርጽ ሰው ግን ቃሉን ያሰፋዋል፤ ከንግግሩ ጋር ሳይፈለግ የገባ ሁሉ ጫጫታ ነው፦ የፍሪጅ ሞተር፣ ነፋስ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብም ጭምር።

ይህ ትርጉም ሥራ ላይ ሲውል ለሁለት ይከፈላል። ሳይለዋወጥ የሚዘልቀው ጫጫታ በቀላሉ ይቀነሳል። ኦዳሲቲን በመሰለ ፕሮግራም ተናጋሪው ዝም ያለበትን ጥቂት ሰከንድ መርጠን እናሳየዋለን፤ የጫጫታውን መልክ ከዚያ ለይቶ ከቀሪው ቅጂ ላይ ይቀንሰዋል። ከኤሌክትሪክ መስመር የሚገባው ወፍራም ድምፅማ በአገራችን 50 ኸርዝና ብዜቶቹ ላይ ስለሚገኝ አድራሻው የታወቀ ነው። አስቸጋሪው የሚለዋወጠው፣ በተለይም የጎረቤት ወሬ ነው። እሱም የሰው ድምፅ ስለሆነ አጥብቀን ስናጸዳው ንግግሩንም ይዞት ይሄዳል፤ የተረፈው ከውኃ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል።

ስለዚህ ሥራውን «ማጥፋት» ሳይሆን «መቀነስ» ብንለው እመርጣለሁ። የአያቶቻችሁን ታሪክ የምትቀርጹ ሁሉ፣ እባካችሁ ማይክሮፎኑን አቅርቡላቸው፤ ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ድምፃቸው 6 ዴሲቤል ያህል ይጎላል፣ የዙሪያው ጫጫታ ግን ባለበት ይቆያል። ካጸዳችሁ በኋላም ያልተነካውን ቅጂ አትሰርዙት።